አሥራ ሁለት ዘንቢል

አረጋ ሚስቱ የጀመረችውን ነገር መጀመሪያ ሲሰማ ሳቀ እንጂ አልተቆጣም። ከላሊበላ ወረድ ብሎ፣ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በመስኖ የምትለማ አንዲት ቁራሽ መሬት አለቻቸው። ባንቺዓለም ያቺን መሬት ለአትክልት ካደረገቻት ቆይታለች። በደጉ ጊዜ ሰላጣውም ቆስጣውም ለሆቴሎች ይሄድ ነበር። ጦርነቱ መጥቶ እንግዳ ከአገሩ ሲጠፋ ሆቴሎቹ በራቸውን ዘጉ፤ ቆስጣውም መደቡ ላይ አርጅቶ ለላም ቀረበ። ባንቺዓለም ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ደሴ ሥልጠና ሄዳ አዲስ ሐሳብ ይዛ መጣች። የከተማው ሰው ገና ዘሩ ሳይዘራ የወቅቱን ዋጋ ያዋጣል፤ እሷ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ የደረሰውን አትክልት በዘንቢል አድርጋ ቤቱ ድረስ ታደርስለታለች። አዝመራው ካማረ ዘንቢሉ ይሞላል፤ በረዶ ከመታው ጉዳቱን አብረው ይችሉታል። ያዋጣው ሰው የማኅበሩ አባል ሆኖ በወር አንድ ቀን ወርዶ ያርማል። መሬቷን ፍግና ብስባሽ እንጂ ማዳበሪያም የተባይ መድኃኒትም አይነካትም።

«ያልበቀለ ጎመን የሚገዛ ሞኝ ከየት ልታመጪ ነው?» አላት አረጋ።

ሞኙ ተገኘ። የመጀመሪያው ልብስ ሰፊው መሐመድኑር ነበር። ባጃጅ ነጂው ምናለና ሚስቱ ወለላ ተከተሉ። ወለላ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፣ ሐኪሙም ቅጠላ ቅጠል አዝዞላታል። ከዚያ በኋላ ሰው መጥቶ ማየት፣ መጠየቅ፣ ራሱን ነቅንቆ መመለስ ሆነ። ማኅበሩ ስምንት ሰው ላይ ቆመና ባንቺዓለም እንቅልፍ አጣች።

አንድ ቀን የኔታ ሀብተ ሥላሴ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ቁልቁለቱን ወረዱ። የኔታ ቄስም ናቸው፤ ቅኔ ያስተማሩት ሰው ግማሽ ላስታን ይሞላል፤ ሆዳቸው ግን ታማሚ ነው፣ ከገበያ የገዙት ሁሉ አይስማማቸውም። ከኋላቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ እሳቸው የሚሉትን ሊሰሙ የመጡ። የኔታ መደቡን ዞረው አዩ፣ አፈሩን በጣታቸው አሹ። ከዚያ ባንቺዓለምን አልፈው ወደ አረጋ ዞሩ።

«አንተ ገበሬ ነህ፤ እሷ የምትለውን አንተ ታውቃለህ። እውነት መድኃኒት አይነካውም?»

ማንም ማል አላለውም። ግን የአራት ሰው ዓይን ፊቱ ላይ ሲያርፍ አረጋ ሞቅ አለውና ምላሱ ቀደመችው። «መድኃኔዓለምን! አይነካውም የኔታ» አለ። የኔታ ስማቸውን አስጻፉ፣ ሦስቱም ተከትለው አስጻፉ። አሥራ ሁለት ሞላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኅበሩ ከባንቺዓለም ልፋት ይልቅ በአረጋ መሐላ የቆመ ሆነ፤ አረጋም ይህን ያውቅ ነበር፣ በመንገድ ሲያልፍ ሰው ከወትሮው ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሲሰጠውም ደስ ይለው ነበር።

ትሉ የመጣው ዐቢይ ጾም እኩሌታውን አልፎ ነው። ጥቅል ጎመኑ ደርሶ፣ ሊቆረጥ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ቅጠሉ ወንፊት መሆን ጀመረ። ባንቺዓለም አመድ ነሰነሰች፣ ሚጥሚጣና ነጭ ሽንኩርት ዘፍዝፋ ረጨች፣ ከምታግዛት ከጎረቤቷ ከሰርካለም ጋር እየጎነበሰች ትሉን በእጇ ለቀመች። አረጋ ዳር ቆሞ ያያል። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመሬት ጋር የኖረ ሰው ነው፤ ትል ቅጠል ላይ ተኝቶ ሲበላ ማየት ለእሱ ሰው መጥቶ በገዛ ደጁ ላይ እንደሰደበው ነው። ደግሞ ዘንቢሉ ባዶ ከሆነ የሚጠየቀው ማን ነው? የማለው እሱ ነው። ለጎመኑ ነው ያሰበው ቢባል ውሸት ነው። ለስሙ ነው ያሰበው።

ለሌላው ማሳ ባቄላ ብሎ ጋሸና ገበያ ላይ ከአንድ ነጋዴ የገዛው መድኃኒት ነበረው። ነጋዴው በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ ሲሰጠው የነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከተረጨ በኋላ ሰባት ቀን ሳይሞላው አይበላም። አረጋ ዓርብ ቀን ባንቺዓለምና ሰርካለም ቅዳሴ ሲሄዱ ጠብቆ መርጫውን ጀርባው ላይ አዘለ። ጎመኑ የሚቆረጠው የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ሰባቱ ቀን ሞልቶ አንድ ቀን ይተርፋል። ማንም አይጎዳም፣ ማንም አያውቅም አለ ለራሱ። ሴቶቹ ከቅዳሴ ሲመለሱ መርጫው ታጥቦ ተሰቅሎ ነበር።

በማግስቱ ኮን ከተማ ያለ አጎቱ ማረፉ ተነገረውና ለቅሶ ሄደ።

እዚህ ላይ ነው አረጋ የሳተው። የሚመጣው ረቡዕ መጋቢት ሃያ ሰባት፣ ዓመታዊው መድኃኔዓለም ነው። ይህንን አልረሳም፤ በዚያ ቀን አፈር እንደማይነካ ከማንም በላይ ያውቃል። በዓሉ ረቡዕ ተከብሮ ቅዳሜ ጎመን ይቆረጣል፣ ምን ችግር አለው? ያላሰበው የሴቶቹን ነገር ነው። ለመድኃኔዓለም ከገጠር እንግዳ ይጎርፋል፤ ጾም ስለሆነ ደግሞ ከአትክልት ሌላ ፊቱ የሚቀርብለት የለም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የማኅበሩ ሴቶች ባንቺዓለምን ከበው፣ ለበዓሉ ያልደረሰ ጎመን ምን ሊያደርግልን ነው አሏት። እሷም ሰኞ አደርሳለሁ ብላ ቃል ገባች። አረጋ የአፈሩን ቀን ያውቃል፤ የጓዳውን ቀን ግን በሕይወቱ ቆጥሮት አያውቅም። እንዳትነግረውም ኔትወርክ ከቅዳሜ ጀምሮ ጠፍቷል።

ሰኞ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሚኒባሱ መንገድ ዳር አወረደው። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ማሳው ሲወርድ መጀመሪያ ያየው የተቆረጠ የጎመን ጉቶ ነው። ትኩስ ነበር፣ ዛሬ የተቆረጠ። ቆጠረው፤ አሥራ ሁለት። ሰርካለም ከካሮቱ መደብ ቀና ብላ እግዜር ያጥናችሁ አለችውና፣ ባንቺዓለም ሌሊቱ ሲነጋጋ ቆርጣ፣ በአህያ ጭና፣ ለሁሉም አድርሳ ከዚያው ቅዳሴ እንደምትገባ ነገረችው። በዓሉ ስለሆነ ነው አለች። አረጋ መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለና ወዲያው ተነሣ።

ቅዳሴ የሚያልቀው ዘጠኝ ሰዓት ነው። እስከዚያ ድረስ የሚጾም ሰው እህል አይቀምስም፤ ያዳነው ቢኖር ይኸው ጾሙ ብቻ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን በየቤቱ ማዕድ ይቀርባል። አንድ ባዶ ጆንያ አነሣና ዳገቱን ተያያዘው። ሰው አንድ ሰዓት የሚፈጅበትን መንገድ በግማሽ ጨረሰው። ላይ ሲደርስ ደረቱ እየተቃጠለ መንታ መንገድ ላይ ቆመ። አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይወስዳል፤ ሄዶ ባንቺዓለምን ከሴቶቹ መካከል ጠርቶ መንገር ይችላል። በቅዳሴ መካከል፣ ሰው ፊት እንዴት ይሆናል አለ በልቡ። እውነቱ ግን ፈርቶ ነው። እግሩ ወደ ሌላው መንገድ ዞረ።

መሐመድኑር ሱቁ በር ላይ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ነበር። የዘንድሮ ረመዳን ከሁዳዴ ጋር ስለገጠመ እሱም ጾመኛ ነው። ዘንቢሉ እግሩ ሥር ተቀምጧል፣ ጎመኑም ከላይ ይታያል። አረጋ ላቡን እየጠረገ፣ ጎመኑ ውስጥ ለውስጥ ትል ገብቶበታል፣ ሳናይ ነው የላክነው፣ በዓሉ ሳይደርስ በደህና እንለውጣለን አለው።

«ማሻ አላህ» አለ መሐመድኑር፣ ጎመኑን አንሥቶ እየሰጠው። «ሌላው የበሰበሰውን ከሥር ደብቆ ይሸጥልሃል። አንተ በዚህ ፀሐይ ለአንድ ትል ብለህ ዳገት ትወጣለህ? ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም።»

አረጋ ጎመኑን ጆንያው ውስጥ ከተተ። ውሸቱ እንዲህ በቀላሉ መሥራቱ አስደነገጠው። ሁለተኛው ቤት ላይ ግን ያን ያህል አላስደነገጠውም፣ ሦስተኛው ቤት ላይ ጭራሽ ተለማመደው። አንድ ቤት ሰው አልነበረም፤ ዘንቢሉ ከአጥሩ ውስጥ በር ላይ ተንጠልጥሎ አየና እጁን በአጥሩ ክፍተት አሾልኮ ጎመኑን እንደ ሌባ መነተፈ። በሕይወቱ የሰው አጥር ደፍሮ አያውቅም ነበር።

አምስተኛው የወለላ ቤት ነው። ገና ግቢው ሳይገባ የሽንኩርት ቁሌት ሸተተው። ወለላ ስምንተኛ ወሯ ነው፤ የነፍስ አባቷ ዘንድሮ አትጹሚ ብለዋታል። ከሰል ላይ ድስት ጥዳ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አረጋ ሰላምታውን እንኳ አልጨረሰም።

«ጎመኑን ነው የሠራሽው?»

«አዎ፣ ምነው?»

«ድፊው።»

ወለላ የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። ፊቱን ስታይ ሳቋን አቆመች። አረጋ ስለ ትሉ ያንኑ ተናገረ፣ ድምፁ ግን እንዳሰበው አልወጣም። ከዚያ ቀምሰሽዋል ወይ ብሎ ጠየቃት። ጨው ለመቅመስ ያህል መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ አንድ ሁለቴ ቀምሳዋለች። ትል ምን ያደርጋል ብለህ ነው አያ አረጋ፣ የተቀቀለ ነው አለችው፣ እሱን ለማጽናናት ብላ። አረጋ ድስቱን በጋቢው ጫፍ ይዞ ራሱ ጓሮ ወስዶ ደፋው። ሲመለስ ዓይኗን አየ፣ ግንባሯን አየ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ የተቀመጠችበትን አየ። ደህና ትመስላለች። ሁለት ጠብታ ምን ያደርጋል አለ ለራሱ። ልቡ ንገራት፣ ንገራት ይለው ነበር፤ ባዶውን ድስት አስቀመጠላትና ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ቤቶች እንዴት እንደዞረ በደንብ አያስታውስም። በየበሩ ያንኑ ይላል፣ በየበሩ ይመሰገናል። አንዲት ባልቴት እጁን ስማ መረቀችው። ጆንያው ይከብዳል፣ ከጆንያው ይልቅ ምስጋናው ይከብዳል፣ ከሁሉም በላይ ግን ወለላ ትከብደዋለች። በየመንገዱ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ምናለ ሚስቱን ጭኖ ወደ ሐኪም ቤት የሚበር እየመሰለው ዞሮ ያያል። የአሥራ አንደኛውን ቤት ጎመን ጆንያው ውስጥ ሲከት ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር።

የቀረው የኔታ ቤት ብቻ ነው።

የኔታን የሚያገለግሏቸው እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ማዕዱን አቅርበው ጨርሰዋል። ጎመኑ ከካሮት ጋር ተሠርቶ እንጀራው ላይ ፈሷል። አረጋ አጎንብሶ፣ እማሆይ ይህ ጎመን ትል አለበት፣ ይደፋ አላቸው። እማሆይ ቀና ብለው አዩት።

«ሲጾም የዋለ ሰው ማዕድ ይደፋል እንዴ? ቅጠል በቅጠል ገልጬ ነው ያጠብሁት። አንድም ትል አላየሁበት።»

ትሉን የጨረሰው እሱ ነው። ሌላ ውሸት ሲፈልግ የኔታ በሩን ጎንበስ ብለው ገቡ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ከቅዳሴው መቆም እግራቸው ተዝሎ። አረጋን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «በጊዜ መጣህ። ና ቁጭ በል፣ ካንተ መሬት የወጣውን አብረን እንቅመስ» አሉት። አልቀመጥም ማለት አይሆንለትም፤ የኔታ ቁጭ በል ካሉ ይቀመጣል። ጆንያውን በር ላይ ጥሎ ተቀመጠ። የኔታ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፣ ማዕዱን ባረኩ፣ ቆረሱ። የመጀመሪያውን ጉርሻ በጎመኑ ጠቅልለው ወደ እሱ ዘረጉ።

አረጋ ጉርሻውን ሊጎርሰው ነበር። እውነቱን ለመናገር ለእሱ ቀላሉ ይኸው ነበር፤ ጎርሶ፣ ውጦ፣ የሚሆነውን መሆን። ግን የሚቀጥለው እጅ የየኔታ ነው። የታመመ ሆዳቸውን ይዘው ቀኑን ሙሉ ቆመው የዋሉ ሽማግሌ፣ እሱ ስላለ ብለው ሊበሉት ነው።

«የኔታ፣ አይብሉ» አለ።

«ምነው?»

«መድኃኒት ረጭቼበታለሁ። ዓርብ ዕለት፣ በእጄ። ባንቺ አታውቅም።»

እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ቆመው የያዙትን የውኃ ጣሳ ቀስ ብለው አስቀመጡት። የኔታ ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሱ፣ ጣታቸውን ጠረጉ። ስለ መሐላው አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ አረጋን ከሁሉ የጎዳው ይኸ ነው። ሌሎቹስ ብለው ጠየቁት፤ ጎመኑን ሁሉንም ሰብስቤያለሁ አለ። ምን ብለህ ሰበሰብህ አሉት፤ ዋሽቼ አለ። የቀመሰ አለ ወይ አሉት። አረጋ አንገቱን ደፍቶ፣ ወለላ፣ ለጨው ያህል አለ።

«ነግረሃታል?»

«አልነገርኋትም።»

የኔታ ትሪውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። «እኔ እግዚአብሔር ይፍታህ እልሃለሁ፣ ሥራዬ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ያቺ ልጅ ግን ምን እንደቀመሰች ሳታውቅ ቁጭ ብላለች። እዚህ ምን ትሠራለህ?»

አረጋ ጆንያውን እንኳ አላነሣም። ከየኔታ ግቢ ወጥቶ ሲሮጥ ባንቺዓለም ከቤተ ክርስቲያን ወደ ታች ስትወርድ ተገናኙ። መሐመድኑር አስቁሞ እንዲህ ያለ ባል አላህ ያቆይልሽ ብሏት ነበር፤ ፊቷ ላይ ግን ደስታ አልነበረም። መንገዱ ላይ ቆመችበት።

«ትል ነው ያልከው? ዛሬ ጠዋት ስቆርጠው እኮ አንድም ትል አጣሁበት። መድኃኔዓለም ሰማኝ ብዬ መደቡ ላይ ተንበርክኬ አለቀስሁ።»

አረጋ ነገራት። ሲነግራት አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ከተረጨ ስንት ቀን ሆነው አለች፤ ሦስት አላት። የበላ አለ ወይ አለች፤ ወለላን ነገራት። ባንቺዓለም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና ቀድማው ሄደች። ወለላ ቤት እስኪደርሱ ድረስ ጀርባዋን ነው ያየው።

ምናለ ለምሳ ገብቶ ነበር። ወለላ ሁለቱን በአንድ ላይ ስታይ ከመቀመጫዋ ልትነሣ ስትል ባንቺዓለም ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻትና አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ አረጋ ዞር ብላ ተናገር አለችው። አረጋ ቆሞ ተናገረ። ወለላ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች፣ ፊቷ አመድ መሰለ። ምናለ ወጥቶ ባጃጁን አስነሣ።

ሐኪም ቤት ወጣቱ ሐኪም የመድኃኒቱን ስም ጠየቀ። አረጋ አያውቀውም፤ በሃይላንድ ተቀድቶ የተገዛ ነገር ስም የለውም። ሐኪሙ ተናደደ፣ መናደዱንም አልደበቀም። ዓይኗን በባትሪ አየ፣ ምራቅ ይበዛብሻል፣ ያልብሻል፣ ያንቀጠቅጥሻል እያለ ጠየቃት፣ የልቧን ምት ቆጠረ። ከዚያ ሆዷ ላይ መሣሪያውን አድርጎ ጎንበስ አለ። አረጋ በሩ ሥር ቆሞ የሐኪሙን ፊት ብቻ ያያል። በዚያች ደቂቃ መሬቱም፣ ስሙም፣ ማኅበሩም ቢጠፋ ግድ አልነበረውም፤ ሐኪሙ ቀና ብሎ አንድ ቃል እንዲናገር ብቻ ነው የፈለገው።

«የልጁ ልብ ደህና ነው» አለ ሐኪሙ። የቀመሰችው ትንሽ እንደሆነ፣ ሆኖም ጥቂት እዚያው ቆይታ እንደምትታይ ነገራቸው። ወለላ አለቀሰች። ባንቺዓለምም አለቀሰች። ምናለ ከክፍሉ ወጥቶ አግዳሚው ላይ አረጋ አጠገብ ተቀመጠ። አረጋ የሚመታው መስሎት ጠበቀ፤ ቢመታው ደስ ባለው።

«አያ አረጋ» አለ ምናለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ድስቱን በእጅህ ስትደፋ እኮ ታውቅ ነበር። ያኔ ብትነግራት ሁለት ሰዓት ቀድመን እዚህ እንደርስ ነበር።»

ወለላ ምንም እንዳልሆነች ተነግሯት ስትወጣ፣ ባጃጁ ሄዶ አረጋና ባንቺዓለም በሩ ላይ ሲቀሩ፣ ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ነበር። አረጋ እንሂድ አለ። ባንቺዓለም አልተንቀሳቀሰችም።

«አሥር በር ቀርቶሃል» አለችው። «ነገ አይደለም። ዛሬ።»

«አብረሽኝ ነይ።»

«አልመጣም። እኔ አጠገብህ ከቆምሁ ሰው እኔን አይቶ ይለዝብልሃል። የሚሉህን ሁሉ ብቻህን ስማው። ማኅበሩም የሚፈርስ ከሆነ ይፍረስ፤ የሚቆይ ሰው ካለ ግን እውነቱን አውቆ ይቆይ።»

ጠዋት ያሰረችውን አህያዋን ልትፈታ ሄደች። አረጋ በልቡ ተቆጣ፣ ከዚያ አፈረ፣ ከዚያ መንገዱን ጀመረ። በመጀመሪያ የዋሸው መሐመድኑርን ነውና ከእሱ ሊጀምር ወሰነ። ልብስ ሰፊው ሱቁን ሊዘጋ ጨርቁን እያጠፈ ነበር፤ ማፍጠሪያው ደርሷል፣ ጣሳ ውስጥ ውኃ፣ ሳህን ላይ ቴምር አስቀምጧል። አረጋን ባየ ጊዜ በሳቅ ተቀበለው።

«ጎመኑን ለወጥህልን እንዴ? ዛሬውኑ?»

አረጋ በሩ ላይ እንደቆመ ተናገረ። ትል እንዳልነበረ፣ መድኃኒት እንደረጨበት፣ ባንቺዓለም እንደማታውቅ፣ ቀን ላይ እንደዋሸው። በመድኃኔዓለም ምሎ እንደነበረም ጨመረ፣ ማንም ሳይጠይቀው። መሐመድኑር ጨርቁን ማጠፍ አቆመ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«እኔስ ሰማሁህ» አለ በመጨረሻ። «የእኔን ነገር አስቤ ለባንቺዓለም እነግራታለሁ። ያን ማዶ ያለውን በር ታየዋለህ? የአናጢው የሰይፈ ሥላሴ ነው። ቀን አንተ ከዚህ እንደሄድህ ጠራሁትና፣ ለአንድ ትል ብሎ ዳገት የሚወጣ ሰው አየሁ፣ ማኅበር ማለት ይህ ነው አልሁት። ሚስቱ አራስ ናት። ንጹሕ ነገር ላብላት ብሎ ቅዳሜ ሊመዘገብ ነው።» ቴምሩን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። «ሂድና እሱንም አንተው ንገረው።»

አረጋ ወደዚያ ሲመጣ አሥር በር ነበረበት። አንዱን ጨርሶ ሲወጣም የቀረው አሥር ነው። መንገዱን ተሻገረና የአናጢውን በር አንኳኳ።